የሐራጅ ድምፅ ፈተና

ደንብ አክባሪ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጨካኝ አላልኩም፤ ጨካኝስ ሲሰለቸው ይተዋችኋል። እኔ የማወራችሁ ስለ ቆቦው ፈቃድ ሰጪያችን ነው።

በስልሳ አምስቱ ረሃብ እኔ ቢሮው ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ገበያ መሀል ቆሞ «ማን ይጨምራል?» እያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሐራጅ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ለፈቃዱ ደግሞ ድምፁ ይፈተናል፤ ከቢሮው ደጃፍ ሲጣራ፣ ገበያው ዳር የቆመው ዘበኛ ሰምቶ እጁን ማንሳት አለበት። ደንቡ የወጣው በጥጋብ ጊዜ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አንድ ቀን አያ ሰይድ የሚባል ገበሬ የጎረቤቶቹን ሞፈር፣ ቀንበርና የቤት በር ሳይቀር በአህያ ጭኖ ከዋጃ በኩል መጣ። ሸጦ እህል ሊገዛላቸው ነው። ማመልከቻውን አሳምሬ ጻፍኩለት። ተጣራ። ዘበኛው እጁን አላነሳም። አጠገቡ የቆምኩት እኔም በቅጡ አልሰማሁትም።

«ጌታዬ፣ ወላሂ ድሮ ስጣራ ሮቢት ድረስ ይሰማ ነበር» አለ።

ፈቃድ ሰጪው አዘነለት፤ እውነቴን ነው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምን ላድርግህ፣ አያ ሰይድ? ደህና አድርገህ ብላና ተመለስ» አለው።

በሦስተኛው ቀን ከሚስቱ ጋር ተመለሰ። ተራውን ሲጠብቅ እዚያው ደጃፍ ላይ ወደቀ፤ አልተነሳም። ሚስቱ ስትጮህ ገበያተኛው ሁሉ ቀጥ አለ።

ፈቃድ ሰጪው በመስኮት ወደ ገበያው ዳር ተመለከተ። ዘበኛው እጁን አንስቷል።

«አይ» አለኝ ራሱን እየነቀነቀ፤ «ምናለ እሷ ብታመለክት ኖሮ።»