በባሻ ላይ የመሰከረው ማሽን

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ይህን ያለ ሰው ኮምፒውተር ቀይሮ አያውቅም። ኮምፒውተር ላይ ጉልቻው ሲለወጥ ማጣፈጡ ቀርቶ ወጡ ራሱ «አንተ ማነህ?» ብሎ ያፈጥብሃል። እኛ መንዞች ደግሞ አዲስ ነገር ቶሎ አናምንም። እናቴ አዲስ ጎታ ሠርታ እንኳ የአሮጌውን ገብስ ሙልጭ አድርጋ አትገለብጥም፤ «አንድ ክረምት ይለፍበትና ይታያል» ትላለች። አይጥ ይድፈረው አይድፈረው፣ እርጥበት ያስገባ አያስገባ ሳይታወቅ አሮጌውን ባዶ ማድረግ የሞኝ ሥራ ነው። እኔም በዚሁ ጥበብ አደግሁ። ጥበቡ አንድ ቀን በሰው ፊት ላብ በላብ ያደርገኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ቀየት በሚባለው ስፍራ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች የበጎቻቸውን ዘር ለማሻሻል ያቋቋሙት ማኅበር አለ፤ የእሱ ጸሐፊ ነኝ። የትኛው በግ ከየትኛዋ እናት ተወለደ፣ እናቲቱ ስንቴ መንታ ወለደች፣ ግልገሉ በስድስት ወሩ ስንት መዘነ፣ ይህን ሁሉ የምመዘግበው እኔ ነኝ። በዓመት አንድ ቀን አውራ በጎች ተሰብስበው ይመረጣሉ። የተመረጠው ለመንደሩ በጎች ሁሉ አባት ሆኖ ይሾማል፤ ያልተመረጠው እዚያው፣ ባለቤቱ ሐሳቡን ሳይቀይር፣ ይኮላሻል። ሹመትና መኮላሸት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጠዋት! የሰው ምርጫ እንኳ እንዲህ አይጨክንም።

መዝገቡ ያለበት ፕሮግራም ያረጀ ነው። የሠራልን ባለሙያ ሌላ ሥራ ይዞ ከሄደ ቆይቷል፤ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ደግሞ ፕሮግራሙን አይቀበሉትም። ስለዚህ ሰውዬው ከመሄዱ በፊት ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት ነገር ውስጥ አኑሮልን ሄደ። ስሙ አያስፈራችሁ፤ ደባል ማለት ነው። አንዱ ኮምፒውተር በሌላው ሆድ ውስጥ ተጠግቶ ይኖራል፤ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ በር፣ የራሱ ጠባይ አለው። ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት ታዲያ ያስጠጋው አሮጌ ኮምፒውተር አልነሳም ብሎ ቀረ። እግዜር ይስጠው፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዲስኩን ፈልቅቆ አወጣልኝና ደባሉ ከነጓዙ በሕይወት ተገኘ። ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ቀዳሁት። ቀዳሁት ነው ያልኩት፤ ዲስኩ ላይ ያለውን አላጠፋሁም። የእናቴ ልጅ ነኛ! ቅጂው ሲያልቅ ሥራውም ያለቀ መስሎኝ ሳልሞክረው ተኛሁ።

የምርጫው ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች በጎቹን በቀንድ፣ በጠጉርና በላት እየመዘኑ ማሳለፍ ያዙ። ሰብሳቢያቸው ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ስንቱን ድንበር የለዩ ሰው። ሁሉም በሰላም ሄዶ ሄዶ አንድ በግ ላይ ተለያዩ። ባሻ ይባላል፤ የእትዬ አስካለ በግ ነው። እትዬ አስካለ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ የሚኮሩበት ነገር ያላቸው አይመስለኝም፤ ከሚበሉት ቆርሰው ነው ያሳደጉት። አንዱ ሽማግሌ «ይለፍ»፣ ሌላው «ይኮላሽ» አሉ። ጋሽ ደምሰው «የእናቱ ታሪክ ይታይ፤ መዝገቡ ይናገር» ብለው ፈረዱና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የማኮላሻው ጉጠት ኬሻ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። እትዬ አስካለ የባሻን ቀንድ ጨብጠው ቆመዋል።

ማሽኑን ባስነሳው ወይ ፍንክች። ለካ አዲሱ ኮምፒውተር ደባል ማስጠጋት ተከልክሎ ነው ከፋብሪካ የወጣው። አጥፍቼ አስነስቼ፣ ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ፈቀድኩለት። አሁን ደግሞ ደባሉ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይዞ ብቅ አለ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ደምሰው ከኋላዬ።

«አዛውረኸኝ ነው ወይስ ቀድተኸኝ ነው? ይላል።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? እውነቱን ንገረዋ!»

ነገርኩት። «ቀድቼህ ነው» የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኑ ይህን ሲሰማ፣ ቅጂ ከሆንኩማ ሌላ ሰው ነኝ ብሎ ለራሱ አዲስ መለያ ቁጥር አወጣ። የበጎቹ ፕሮግራም ደግሞ የሚያውቀው የድሮውን ቁጥር ነው፤ «ይህን ማሽን አላውቀውም» ብሎ ጥርቅም። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ለመንኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ግን ላቤ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ወደ ባለሙያው ደወልኩ። ድምፁ አልሰማ ሲለኝ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈትኩትና ግቢው ሁሉ አብሮኝ አዳመጠ።

«ከዲስኩ ላይ እንደገና ቅዳው» አለ እየሳቀ። «ሲጠይቅህ ግን አዛውሬህ ነው በለው። የድሮ ቁጥሩን ይዞ ይነሳል።»

«ውሸት ነዋ!» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ አሰቡና መላ አመጡ። «እንግዲያው ከዲስኩ ላይ ያለውን አጥፋው። ያኔ እውነትም ተዛወረ ማለት ነው፤ አፍህም አይረክስም።»

ሕግ ዐዋቂ ናቸው፣ ምን ይደረግ! አዲሱ ሳይነሳ አሮጌውን ባጠፋ፣ የማኅበሩ የስንት ዓመት መዝገብ ከእነ በጎቹ የዘር ሐረግ ድራሹ ሊጠፋ ነው። «ጋሽዬ፣ ይህንስ አላደርገውም» አልኳቸው።

«እንግዲህ በራስህ ተወጣው» አሉና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

ዲስኩን ሰክቼ እንደገና ቀዳሁት። ጠየቀኝ። ዋሸሁት። ወዲያው፣ ምንም ሳያንገራግር፣ የበጎቹ መዝገብ ቧ ብሎ ተከፈተ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አንገቴ ቀና አለ። የባሻን እናት ፈልጌ አገኘሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ፤ ወደ መጨረሻው ግን ድምፄ እያነሰ ሄደ። እናቱ መንታ ወልዳ አታውቅም። ከወለደቻቸው ሦስት ግልገሎች ሁለቱ አላደጉም። ባሻ ራሱ በስድስት ወሩ ሲመዘን ከእኩዮቹ ሁሉ መጨረሻ ነው።

ጉጠት ያዡ ጎንበስ አለ። ያን ሁሉ የለፋሁት ለዚህ ነበር?

እትዬ አስካለ ከባሻ ቀንድ እጃቸውን ሳያነሱ «ልጄ» አሉኝ፣ «ማሽኑ መጀመሪያ ሲጠይቅህ እውነቱን ነገርከው?»

«አዎ እትዬ።»

«ከፈተልህ?»

«አልከፈተም።»

«ስትዋሸውስ?»

«ተከፈተ።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እመብርሃን ታሳያችሁ! እውነት ሲሰማ አፉን የዘጋ፣ ውሸት ሲሰማ የከፈተ፣ እሱ ነው በባሻ ላይ የሚመሰክረው?»

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው መከሩ። መዝገቡ ልክ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ እያንዳንዱን ቁጥር በእጄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ግን ምን ብዬ ልከራከር? ውሸቴ ጥሩ ውሸት ነበር ልበል? እውነቱን ለመናገር መከራከሩንም አልፈለግሁም፤ እትዬ አስካለ አሁንም የባሻን ቀንድ አልለቀቁም።

ጋሽ ደምሰው ተመልሰው በሙሉ ድምፃቸው ፈረዱ። «ምስክሩ ቃሉ አልታመነም። ባሻ በመልኩና በቀንዱ ይለፍ።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንተም ይህንኑ መዝግብ!»

ከባሻ ስም አጠገብ አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለ። «የዚህ ማሽን ምስክርነት ውሸት ወዳድ በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል» ብዬ ጻፍኩበት። ማሽኑም አንዲት ፊደል ሳያጎድል መዘገበው።