የመምህረ ድንጋይ አቼቶ

በየቤተሰቡ ያልተጠየቀውን የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን የታላቅ እህቴ ባል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ። በሌሉበት «ክቡር መምህረ ድንጋይ» እንላቸዋለን።

ክቡርነታቸው ትንሽ የአቼቶ ጠርሙስ ከኪሳቸው አይለይም። የኖራ ድንጋይ የመሰላቸው ነገር ላይ ጠብታ ጣል ያደርጋሉ። አረፋ ካወጣ አለቀልን።

«ድንጋይ አትበሉት፤ የታሰረ አየር ነው» ብለው ይጀምራሉ። ዝናብ ከሰማይ ካርቦን ይዞ ይወርዳል፤ ኮምጠጥ ብሎ ድንጋዩን ይበላል፤ ባሕር ሲደርስ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በወሬ ዋሻ ያስገቡንና ጠብታ በጠብታ ካደገው ድንጋይ ላይ የትኛው ዘመን ዝናብ እንደጠገበ፣ የትኛው እንደተጠማ ያነቡልናል። የሰፈራችንን ባንክ ደረጃ ሳይቀር በአቼቶ ሞክረውታል። ቀብር ላይ ወደ ሐውልቱ ሲያዘነብሉ እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ችለናል። የሴት ልጃቸውን እጮኛ ቤተሰብ ልንተዋወቅ የሄድን ዕለት ግን ነገር ተበላሸ። ሳሎኑ መሀል አዲስ የእምነ በረድ ጠረጴዛ ነበር። የእጮኛዋ እናት ጓዳ ገባ እንዳሉ ክቡርነታቸው ጠብታቸውን ጣሉ። አረፋው ሲጠረግ የደበዘዘ ክብ ምልክት ቀረ።

«ምን ነካው?» አሉ ሴትዮዋ ከጓዳ ሲመለሱ።

«ምንም አይደል፤ የታሰረው አየር ወጥቶ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ የሠርጉን ነገር ሳያነሱ ሸኙን።

«አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብለህ ብትተወው ምን ነበረበት?» አለች ልጅቷ መኪና ውስጥ፣ እያለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ክቡርነታቸው ጠርሙሱን ጣሉት፤ ዝምም አሉ። በድንጋይ ግድግዳ ሥር ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩም። ስንት ዓመት የተመኘሁት ዝምታ ነበር፤ ሲመጣ ግን አልወደድኩትም።

አንድ እሑድ የእጮኛዋ እናት እህቴ ቤት መጡ። እህቴ ሻይ ቀዳች። ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆማ ቀረች። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ድንጋይ አወጡ።

«ከአጥሬ የወደቀ ነው» አሉ። «የመጣ እንግዳ ሁሉ ያ ምልክት ምንድን ነው ይለኛል። የሰማሁትን እነግረዋለሁ፤ ግማሹን ግን አላውቀውም። የሠርጉን ቀን ከመቁረጣችን በፊት ያስጨርሱኝ እስቲ። ይሄስ አየር አለበት?»

ክቡርነታቸው ድንጋዩን አገላበጡት። ባዶ ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉና አንገታቸውን ደፉ።

«በዓይን ብቻ አይታወቅም» አሉ ቀስ ብለው።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና የእህቴን አቼቶ ከነጠርሙሱ አመጣሁ።

«ይኸው ጋሼ» አልኳቸው። «ከዝናቡ ይጀምሩልን።»