የእሁዱ አለቃ ጋሽ ጃርሶ

የትኛውም ሰፈር ሂዱ፣ ሰው በዕረፍት ቀኑ እንዳያርፍ የሚታገል አንድ ሰው አታጡም። አንዱ አጥር እናጥር ብሎ ይቀሰቅሳችኋል፣ ሌላው ኳስ እንጫወት ብሎ። በደርግ ጊዜ ለእኛ ለጌጃ ሰፈር ሰዎች የደረሰን ግን ከሁሉም የከፋው ዓይነት ነበር፤ ተፈጥሮ ወዳድ።

ክቡር ጋሽ ጃርሶ፣ ሱሪ ሰፊ፣ ማንም ያልሾማቸው የመናገሻ ጫካ ገዥ፣ የጉሬዛዎች ጠበቃ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ የሚተኙ ይመስለኛል። እሁድ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ የበሬን ቆርቆሮ በመቀስ እጀታ ይመቱታል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ተክለ ሃይማኖት ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተጋድሜ የምከርም መካኒክ ነኝ። አንድ ቀን አልጋ ላይ ልጋደም ብል ማን ይፈርድብኛል? እሳቸው ይፈርዳሉ።

"ፈቃደ፣ ፀሐይዋ ጥላን እየሄደች ነው።"

ውጪው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፀሐይ ግን እሳቸው ዘንድ ሁልጊዜ ጥላን እየሄደች ነው።

በመኪና እንሂድ ማለት አይሞከርም። ነዳጅ በኩፖን ሆኖ፣ የቤት መኪናም እሁድ በተራ የሚነዳበት ጊዜ ነበር። ሌላው ሰው በዚህ ሲያማርር ጋሽ ጃርሶ ሕጉ ለሳቸው ተብሎ የወጣ ይመስል ፊታቸው ይፈካል። የናፍጣ ሽታ ይዞ ጫካ የገባ ሰው ድኩላ አያይም፤ ይህ የማያወላውል እምነታቸው ነው። እኔ ደግሞ ስታጠብም ናፍጣ ስለምሸት ከሰልፉ ኋላ፣ ነፋሱ ሽታዬን ወደ እንስሳቱ በማይወስድበት በኩል እመደባለሁ። እንግዲህ ከአውቶቡስ ተራ በሆለታ አውቶቡስ ተጭነን መናገሻ ላይ እንወርድና የቀረውን በእግር። የዘወትር ተሰላፊዎቹ እኔ፣ ባለቤቴ ኮከቤና በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ሀሚዳ ነበርን። ሌላው አንዴ ይመጣል፤ ሁለተኛ አይለመደውም።

ምክንያቱም ሕጉ ከባድ ነው። ቴፕ የለም። እሳት የለም። በግ የለም። በግ የማይታረድበት ሽርሽር ለሰፈራችን ሰው ሽርሽር ሳይሆን ቅጣት ነው። ከሱሪ ቁርጥራጭ የሰፏት ኮሮጆ ለየሰዉ ትታደልና የብርቱካኑ ልጣጭ፣ የከረሜላው ወረቀት፣ ሁሉም በሷ ተጠራቅሞ ሰፈራችን ይመለሳል። አንድ ቀን የእንቁላሌን ቅርፊት ቅጠል ሥር ሸጎጥ አድርጌ ነበር። ግማሽ መንገድ ከተመለስን በኋላ ኮሮጆዬን ከፍተው አዩና፣ ዶሮ ያለ ቅርፊት መጣል ከጀመረች ለጋዜጣ እንንገር አሉኝ። ዳገቱን እንደገና ወጣሁት።

ሀሚዳ እንኳ አልቀረላትም። ለእንስራዋ ማጠኛ ብላ የክንድ ግማሽ የምታህል የወይራ ስንጥር ነጠላዋ ውስጥ ይዛ ተገኘች።

"ወድቆ ያገኘሁት ነው ጋሽ ጃርሶ፣ ዛፉን እጄ አልነካውም።"

"ወድቆም ሥራ ላይ ነው። ጉንዳን ገብቶበታል።"

"ጉንዳኑ ኪራይ ይከፍላል እንዴ?"

"አንቺስ ለቀበሌ የምትከፍያት ሳንቲም ኪራይ ተብላ ነው?"

ስንጥሩ ከነጉንዳኑ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጫካው ውስጥስ ያሳርፉናል ብላችሁ እንዳታስቡ። ኮከቤ ጀርባዋን ዝግባ ላይ ሳታሳርፍ ወፍ አለ ተነሡ ይባላል። ወፉን ልናይ ስንሰለፍ ጉሬዛ አለ፣ ወዲህ። እግሬ ዛለ ስላቸው ዛፉ መቶ ዓመት ቆሞ አልዛለም ይሉኛል፤ እሱ እኮ ቁርጭምጭሚት የለውም ብል አይሰሙኝም።

ይህን ሁሉ ጠንቃቃነት ግን ምላሳቸው ጉድ ሠራው። አንድ ነሐሴ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቱሉ ሱሪ ሊያሰፉ መጡ። ጋሽ ጃርሶ ወገብ ሲለኩ ዝም ብለው አያውቁም። ስለ ጥዱ አወሩ፣ ስለ ድኩላው አወሩ፣ ጸጥታውን ሳይቀር አወደሱ። እግር ለክተው ሲጨርሱ ጓድ ቱሉ መንገዱን ሁሉ አውቀውታል።

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ለሕዝቡ የምሥራች አሉ። ከአብዮት በዓሉ ቀጥሎ ባለው እሁድ ቀበሌው በሙሉ ወደ ጓድ ጃርሶ ጫካ ሄዶ ይዝናናል። ሦስት የጭነት መኪና በውሰት ተገኝቷል። የኪነት ቡድኑ ከነድምፅ ማጉያው ይሄዳል። በጎች ይታረዳሉ። ሲመለሱም ለቀበሌው በር ማስጌጫ የሚሆን የጥድ ቅርንጫፍ በመኪናዎቹ ተጭኖ ይመጣል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጋሽ ጃርሶ ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጫካው ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ አይችልም፣ እንስሳቱ ከሸሹ ወዲያ አይመለሱም አሉ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ጓድ ቱሉ ግን አልሳቁም።

"ጓድ ጃርሶ፣ ጫካው የሰፊው ሕዝብ ነው ወይስ የእርስዎ?"

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው። ሌላውን የመለሰ ሰው ማታ ቤቱ አያድርም። ሀሚዳ የኮታቸውን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ትስባለች፤ እሳቸው አይቀመጡም። ሜትራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየሁ። የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ይሉታልም።

ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ስለ መኪናው ነው።"

መካኒክነቴን ሁሉም ያውቃል፤ ዝም ተባለልኝ። ወደ ጫካው መውጫ ያለውን ድልድይ የክረምቱ ጎርፍ በልቶታል አልኩ። ሰው የጫነ መኪና እዚያ ከገባ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ እንደ ሸንበቆ ይቀነጠሳል፤ ያን ሞዴል መኪና ባሌስትራ ደግሞ በአገሩ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። መኪኖቹ የተዋስናቸው ስለሆኑ፣ ጉዳት ቢደርስ የሚጠየቀው ፈርሞ የተረከበው ጓድ ነው አልኩና ተቀመጥኩ።

ፈርመው የተረከቡት ጓድ ቱሉ ነበሩ። የሰፊውን ሕዝብ ደኅንነት በማስቀደም ሽርሽሩ አቃቂ መንገድ ካለው ሜዳ ላይ እንዲሆን ወሰኑ። እንደገና ተጨበጨበ።

ወደ ቤት የተመለስነው ከጋሽ ጃርሶ ጋር ነበር። በራቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"እዚያ መንገድ ላይ የምን ድልድይ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ በመናገሻ በኩል ስንወጣ ቢያዩን ምን ልንል ነው?"

"አንሄድማ፣ ጋሽ ጃርሶ" አልኩ። እስከ ነፍሴ ድረስ ዕረፍት ተሰማኝ። የዓመቱ እሁዶች በሙሉ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ታዩኝ።

እሳቸው ወደ መሬት አቀረቀሩ። ድልድይ ፈርሶብኛል የሚል ሐዘን ፊታቸው ላይ አየሁና ዕረፍቴ እዚያው ጠፋ። የሌለ ድልድይ እኔው ሠርቼ፣ እኔው በጎርፍ አስበልቼ፣ እሳቸውን ከወዲህ ማዶ አስቀርቻቸው ነበር።

"በሰበታ በኩል ከጀርባው አይገባም?" አልኩ፤ ምላሴን ይቁረጠው።

ቀና አሉ። "ዳገቱ እኮ በጣም የከፋ ነው።"

"ይሁን።"

ከዚያ ወዲህ የምንገባው በጀርባው ሆነ። ሀሚዳ በየዳገቱ ስሜን እየጠራች ትረግመኛለች። እኔ ያለችኝን ትንፋሽ ቆጥቤ እወጣለሁ፤ ጋሽ ጃርሶ ከፊቴ እንዳይርቁብኝ።