አቤቶ ሻንጣ ቤተ መንግሥቱን እንደ ያዘ

ውሸት ብጽፍ ብዕሬ ይድረቅ፤ ይህ ታሪክ ከፊደሉ እስከ ነጥቡ እውነት ነው።

በአውሮፕላን የጠፋው ሻንጣው በተገኘ በሦስተኛው ወር፣ በፈተና ማግሥት፣ የዶርሙ ሦስተኛ ፎቅ አለቃ፣ ከሻንጣው ቀድሞ ባዕድ አገር የገባ ጀግና አቤቶ ሻንጣ፣ በሚማርበት አገር ኮረብታ ላይ ያለውን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ሊጎበኝ ተነሣ። እናቱ፣ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ በዚያው ቀን እንዲልክ አዝዛ፣ ለጎረቤቱም ሁሉ ነግራ ነበርና፣ ያለ ፎቶ መመለስ ከሞት ይከፋ ነበር።

የአውቶቡሱንም ቲኬት በገዛ ዓይኑ አንብቦ አዋጅ አስነገረ፦ «ጉዞው በሁለት ሰዓት ነው! ያልነቃ ይቀራል፤ የቀረም አያኩርፍ!»

ሠራዊቱም ይህ ነበረ፦ ለበሽታ ሁሉ ሽሮፕ የምታዝ የፋርማሲ ተማሪዋ እሜቴ ሽሮፕ፤ ካርታ ገልብጦ የሚያነብ ኢንጂነር፤ እኔም ጸሐፌ ትእዛዙ፣ ከአሥራ ሁለት ቅቅል እንቁላል ጋር።

ወእምዝ በማለዳ ጣቢያው ደረስን፤ አውቶቡስ ግን የለም። ለካ የዚያ አገር ሰው ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ነው የሚቆጥረው፤ የእነሱ ሁለት የእኛ ስምንት ኖሯል! ስድስት ሰዓት ሙሉ ጣቢያው ውስጥ ተከበብን፤ እንቁላሉ አለቀ፤ ኢንጂነሩ አንኮራፋ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም መወልወያዋን እንደ ጦር ሰብቃ ሦስት ጊዜ አወጀች፦ «ልጆቼ፣ እግር ወደ ላይ! ወለሉ እርጥብ ነው!» አቤቶ ሻንጣ እግሩን አነሣ እንጂ ስፍራውን አልለቀቀም። ለልምምድም ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ከሽንት ቤቱ ቀስት አጠገብ በተለጠፈው የቤተ መንግሥቱ ትልቅ ፖስተር ፊት አርባ ሰባት ጊዜ ፎቶ ተነሣ።

በስምንት ሰዓት ተሳፈርን፤ ከቤተ መንግሥቱም በር ደረስን። ጀግናው ደረቱን ነፍቶ ስልኩን ቢያወጣ፣ ሞቷል። የእኛም ስልኮች ባትሪ በከበባው አልቆ ነበር። ያን ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ።

ዶርም ተመልሶ ስልኩን እንደ ሰካ ግን፣ ከአርባ ሰባቱ አንዱን መርጦ ለእናቱ ላከ። እርሷም በድምፅ መልእክት አወጀች፦ «ጎረቤት ስሙልኝ! ልጄ ቤተ መንግሥት ገባ! ሥርዓታቸው ደግሞ፤ ሽንት ቤቱን ሳይቀር በቀስት ያመለክታሉ!»

ድል አድራጊው አቤቶ ሻንጣ፣ ስምህ ከፖስተሩ ሙጫ ይልቅ ይጽና!

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ፈጥሬአለሁ፦ ቲኬቱን ያነበበው እርሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ግን አንዴ እንኳ «ያሳሳትኸን አንተ ነህ» አላለኝም።