ዑደታዊው ፓርኪንግ

«አለ» ብለው የት እንዳለ ግን የማይናገሩ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ኦክላንድ ውስጥ አንድ አውቃለሁ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ፍሬው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራሉ። የሚመራመሩት መስመራዊ ባልሆኑ የኢንቴግራል እኩልታዎች ላይ ነው። መልሱ እየዞረ ወደ ተነሣበት ሲመለስ «ዑደታዊ መፍትሔ» ይሉታል። መልሱን ራሱን ግን አያገኙትም፤ መኖሩን ያረጋግጡና በሰላም ይተኛሉ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ፣ ዑደት ሲባል የማውቀው የታቦትን ነው።

እሑድ ጠዋት የጓደኛዬን ልጅ ክርስትና ላነሣ ስል፣ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በመኪናቸው ወሰዱኝ። ፓርኪንግ ጠፋ።

«አለ» አሉ፤ ሐይቁን ዞርን። በቤተ ክርስቲያኑ በር አልፈን ደግመን ዞርን። የሕፃኗ እናት ኮል አደረገች።

«የት ነሽ? ቄሱ እኮ የክርስትና እናቷን እየጠበቁ ነው።»

«እየዞርን ነው።»

«ታቦት ይዛችኋል እንዴ?»

ትልቅ ሰውን «ያቁሙ» ማለት ለእንደኔ ዓይነቷ ዓይን አፋር ቀላል ይመስላችኋል? ግን ልጅቷ ሳትጠመቅ ልትመለስ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ በሩ ጋ ስንደርስ እንደምንም ድምፄ ወጣ።

«ጋሼ፣ ታቦትም ሦስቴ ዞሮ ይገባል። እዚህ ያውርዱኝ።»

«መፍትሔው ሊገኝ ሲል?» አሉ ቅር ብሏቸው፤ ግን አቆሙልኝ። ሮጬ ደረስኩ።

ቅዳሴው አልቆ፣ ሰው ሁሉ መኪናውን አስነሥቶ ከሄደ በኋላ፣ ሕፃኗን ታቅፌ ወጣሁ። ጋሽ ፍሬው ከበሩ ፊት ለፊት፣ ወና በሆነው መንገድ ላይ፣ መኪናቸውን አስተካክለው እያቆሙ ነበር።

«አላልኩሽም?» አሉኝ በመስኮት። «አለ።»