አባ ጠፍር የልጁን ወንበር በመኪና ውስጥ እንዴት እንዳሰረ የሚናገር ዜና

ልጅቱ ፊቷን ወደ መኪናው ጀርባ አዙራ የምትጓዝበት ዘመን በተፈጸመ ጊዜ፣ የሕንፃው አሳንሰር በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ የደረጃው እጀታ በተነቀለና ሁሉም ሰው ግድግዳ እየተደገፈ በሚወርድበት ወራት፣ የገመድ ጌታ፣ የሸራ አለቃ፣ የቋጠሮ ሁሉ አባት፣ ባለ ሰፊ መዳፍ፣ ያሰረው ጭነት በመንገድ ወድቆ የማያውቅ፣ ስሙም በጫኝና አውራጆች ዘንድ አባ ጠፍር የተባለው ኃያል ሰው፣ ከዘመተባቸው ስፍራዎች ሁሉ በጠበበችው፣ ማለትም በአንዲት ትንሽ ነጭ መኪና የኋላ መቀመጫ ላይ፣ እንዴት እንደ ተሸነፈ፣ ዳግመኛም እንዴት ድል እንዳደረገ ይህ ዜና ይናገራል።

ሥራው ጭነት ማሰር ነበር። ሌሎች ይጭናሉ፣ ሌሎች ያወርዳሉ፤ እሱ በመካከል ያስራል። ቁም ሣጥን፣ ፍሪጅ፣ የመስታወት በር፣ አንድ ጊዜም እግሩ የተሰበረ ፒያኖ በእጁ አልፏል፤ ሁሉም እንደ ታሰረ ደረሰ። ሕግም ነበረው፤ ጭነት ይተንፍስ የሚል። ገመድ እስከ መጨረሻው ከተወጠረ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይበጠሳልና፣ አባ ጠፍር የመጨረሻውን ቋጠሮ ሲቋጥር አውራ ጣቱን ከገመዱ ሥር ያስገባ ነበር፤ ጣቱን ሲያወጣ የሚቀረው ክፍተት የጭነቱ ትንፋሽ ነው። ይህን ሕግ ሹፌሮች ሁሉ ያውቁለታል፤ ተከራክሮበት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ባለቤቱ፣ የቤቱ እመቤት፣ ባለ ብሩህ ዓይን፣ ቃሏን ሁለት ጊዜ የማትደግም፣ በሐኪም ቤት የአጥንት ክፍል ጄሶ የምታስር ሴት ነበረች። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት አሳሪዎች ይኖሩ ነበር፤ አንዱ ዕቃ ያስራል፣ አንዷ ሰው ታስራለች። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ሥራቸው ተገናኝቶ አያውቅም።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። በሌላ ከተማ የሚኖሩት የአባ ጠፍር እናት ዓይናቸው ከዳር እየደበዘዘ መጣ። ልጅቱን ያዩአት ገና አንገቷ ሳይጠና ነበር፤ አሁን መልክ አውጥታለች ሲባል ይሰማሉ። ደውለው ስለ ሕመማቸው ብዙ አላወሩም፤ የዝናቡን ነገርና የጎረቤታቸውን በር መንጫጫት አወሩ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ብቻ እንዲህ አሉ፦

«ድምጿንስ በስልክም እሰማዋለሁ። ፊቷን ነው ሳይጨልምብኝ አምጣልኝ የምልህ።»

አባ ጠፍር በዚያች ሌሊት አልተኛም። በማግስቱ የሚስቱን ወንድም ለመነና መኪናዋን ለአንድ ቀን አገኘ፤ ከመምሸቱ በፊት እንዲመልሳት። ልጅቱ ግን ከቀድሞው አቀማመጥ በቁመት አልፋ ነበር፤ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሶ፣ ጫማዋ የመኪናውን መቀመጫ እየረገጠ ማህተሙን ትቶበት ነበር። የልጅቱ ወንበር ከእንግዲህ ወደ ፊት ዞሮ መታሰር ነበረበት። የቀድሞውን ያሰረችው እመቤቲቱ ነበረች። አባ ጠፍር ግን በሰው ፊት፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ አንቺ ልጅቱን አልብሺ ብሎ ተናገረ። ከዚህ በኋላ ማፈግፈግ አልነበረም።

እመቤቲቱም የልጅቱን ፀጉር እየሠራች፣ ማበጠሪያውን በጥርሷ እንደ ያዘች በመስኮት ብቅ አለች፤ ማበጠሪያውንም አውጥታ አዋጅ ነገረች፦

«ወርጄ እኔ ራሴ እነቀንቀዋለሁ። ከተነቃነቀ ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም። ለእናትህም ደውለህ የምትነግራቸው አንተ ነህ።»

መስኮቱም ተዘጋ።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰበሰበ። በግንባር ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ ሱቁ ከሕንፃው ሥር ነውና መቀሱን ሳያስቀምጥ ወጣ። ከኋላው አንድ ጉንጩ የተላጨ፣ አንድ ጉንጩ አረፋ የሆነ፣ ነጭ ጨርቅ በአንገቱ ያሰረ ደንበኛው ተከተለ። ዘበኛው ዱካውን ተሸክሞ መጣ፤ ነገሩ ረጅም እንደሚሆን አውቆ ነበርና። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሳይጠየቅ ምክር የሚለግስ፣ ከሁሉ በፊት ቦታ ይዞ ነበር። በሞተሩ ክዳን ላይ ድመት ተኝታ ነበር፤ እንድትነሣ ተነገራት፣ አልተነሣችም፤ ከሠራዊቱም ተቆጠረች።

አባ ጠፍር የመኪናዋን መቀመጫ ቀበቶ አየው። በሁለት ጣቱ አሸው። ሪባን ነው ብሎ ናቀው። ከዚያም ሰማያዊውን የጭነት ገመድ አመጣ፣ ወንበሩን በመቀመጫው ላይ ተከለ፣ ገመዱንም በአንዱ መስኮት አውጥቶ፣ በጣራው ላይ አሳልፎ፣ በሌላው መስኮት መልሶ አስገባ፣ በወንበሩም ደረት ላይ እንደ መስቀለኛ አጣልፎ ቋጠረው፣ አውራ ጣቱንም አወጣ። ሥራው ያማረ ነበር። ከመኪናዋ ሊወጣ ባለ ጊዜ ግን በሮቹ አልተከፈቱለትም፤ በገመዱ ታስረው ነበርና። የገመድ ጌታ ራሱን ከጭነቱ ጋር አስሮ ተገኘ።

በፊተኛው መቀመጫ ላይ ተጠማዝዞ፣ ማርሹን ተሻግሮ ወጣ። ማንም አልሳቀም፤ ዘበኛው ብቻ ዱካውን አዞረ። ጫኞች እንደሚያደርጉት መኪናዋን በትከሻው ገፋ፤ መኪናዋ እንደ ጀልባ ተወዛወዘች፣ ገመዱ ግን ያዘ። በዚህ መካከል እመቤቲቱ ወረደች። ወንበሩን አልነካችውም። ልጅቱ በየት በኩል እንደምትገባ ብቻ ጠየቀች። የአውቶቡሱ ሹፌር በመስኮት ብትገባስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ገመዱ ተፈታ።

ዳግመኛም ዘመተ፤ በዚህ ጊዜ የናቀውን ቀበቶ ይዞ። በወንበሩ ጎን ሥዕል ተለጥፏል፤ ወደ ኋላ ለዞረ ወንበር አንድ መንገድ፣ ወደ ፊት ለዞረ በቀይ የተሰመረ ሌላ መንገድ። አባ ጠፍር ቀዩን መንገድ ያዘ፤ ቀበቶው እንዳይጠማዘዝ በመዳፉ እያስተካከለ፣ በወንበሩ ጀርባ ውስጥ አሳልፎ በማዶ አወጣው፣ መቆለፊያው ውስጥም ሲሰካው ቀጭ አለ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት አልነበረበትም። በመጨረሻ ግን፣ እጁ የለመደውን አደረገ። አውራ ጣቱን አስገባ፣ አወጣም።

እመቤቲቱ መጣች። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ወንበሩን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳበችው። ወንበሩ ሊወልቅ እንደ ደረሰ ጥርስ ተነቃነቀ።

አባ ጠፍር በዚህ አላፈረም፤ ይልቁንም ደረቱን ነፍቶ፣ ሠራዊቱ ሁሉ እየሰማ፣ ሕጉን በአዋጅ ተናገረ፦

«ረስቼው መሰለሽ? ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ጭነት ካልተነፈሰ ማሰሪያውን ይበጥሳል። ስንት ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው፣ አንቺ።»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው ለማለት። እመቤቲቱም በለሰለሰ ድምፅ መለሰች፤ ይህ ከቁጣዋ ይልቅ የሚያስፈራ ነበር፦

«መተንፈስ ያለባት እሷ ናት እንጂ ወንበሩ አይደለም። እኔ የማስረው ጄሶ ቢተነፍስ አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል። ያንተ ዕቃ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። እኔ ክፍል የሚመጡት ልጆች ግን ትንሽ ክፍተት የተተወላቸው ናቸው።»

 አረፋው በደንበኛው ጉንጭ ላይ ደረቀ። ፀሐይ ከጣራው ጠርዝ አልፋ ነበር፤ ከዚህ በላይ ቢዘገዩ ሄዶ መመለስ አይቻልም። አባ ጠፍር እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፣ ስልኩን ዳሰሰው፣ አላወጣውም። እናቱ በዚያች ሰዓት ከበራቸው ላይ ቆመው መንገዱን እንደሚያዩ ያውቅ ነበር፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እንደማያዩትም ያውቅ ነበር።

ከዚያም ወንበሩ የተቀመጠበትን የመኪናውን መቀመጫ በእጁ ተጫነው። ሰመጠ፤ እጁን ሲያነሣም ተመልሶ ተነሣ። እንደገና ተጫነው። የኃያሉም ግንባር በራ። ለካ ይህ ቁም ሣጥን አይደለም፤ ፍራሽ ነው። ፍራሽን ያሰረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፍራሽ ትንፋሽ አይተውለትም፤ በጉልበት ተንበርክከው፣ አየሩን አስወጥተው፣ እንደ ተጨመቀ ያስሩታል። በራሱ ሕግ ውስጥ ይህ አንድ ነገር ተለይቶ ይኖር ነበር፤ እሱ ግን አላስታወሰውም።

ወእምዝ ሦስተኛው ዘመቻ ሆነ፣ እርሱም የመጨረሻው። የአውቶቡሱ ሹፌር፣ ከጡረታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅም ነገር ተናገረ፤ የትከሻውን ቀበቶ ቀስ አድርገህ እስከ መጨረሻው ሳበው፣ ከዚያ ወዲያ ይገባል እንጂ አይወጣም አለ። አባ ጠፍር ሳበው፤ ቀበቶው አለቀ፤ ሲለቀውም ጢቅ ጢቅ እያለ ይመለስ ጀመር፣ መልሶ ሲጎትተውም እምቢ አለ። ከዚያም ኃያሉ ጉልበቱን በወንበሩ መካከል ተከለ፣ ሙሉ ክብደቱንም አሳረፈበት፤ ራሱ ጣራውን ገፋ፣ አንገቱ ታጠፈ፣ ማጅራቱም ወደ ሠራዊቱ ዞረ። በዚያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ፤ ምክንያቱ ኋላ ይታወቃል። አባ ጠፍር ቀበቶውን ወደ ላይ ጎተተ፣ ጢቅ አለ፤ ደግሞ ተጫነ፣ ደግሞ ጎተተ፣ ጢቅ አለ፤ ጣቱ በልማዷ ወደ ቀበቶው ሥር ስትሄድ አያት፣ መለሳትም። ከዚህ ሁሉ ጀብዱ ከባዱ ይህ ነበር።

በወንበሩ ጀርባ ጫፉ መንጠቆ የሆነ ሌላ ማሰሪያ ቀርቶ ነበር። እሱንም በመቀመጫው አናት ላይ አሳልፎ ከኋላ ካለው የብረት ቀለበት ሰካው፣ እስኪጠብቅም ሳበው። መንጠቆ በማግኘቱ ፊቱ ላይ ደስታ ታየ፤ የሚያውቀው ሰው በባዕድ አገር እንዳጋጠመው ሆነ።

እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆመች። በአንድ እጇ ሳበች። በሁለት እጇ ሳበች። እግሯን በመኪናዋ ደፍ ላይ አስደግፋ ሳበች። መኪናዋ ተነቃነቀች፣ ድመቲቱም ነቅታ ተመለከተች፤ መንበሩ ግን ዘኢያንቀለቅል ሆነ፣ ንቅንቅ አላለም። እመቤቲቱ ልጅቱን ልታመጣ ደረጃውን ወጣች። ከአዋጆቿ ሁሉ ታላቁ ይህ ነበር። ሠራዊቱ ሆ አለ፤ ዘበኛው ዱካውን አነሣ፤ ደንበኛውም ሁለተኛ ጉንጩን ሊላጭ ተመለሰ።

ልጅቱ ተቀመጠች። እናቷ የትከሻ ማሰሪያዎቹን አጠበቀች፣ ክፍተት እንዳልቀረ ለማየትም በሁለት ጣቷ ልትቆነጥጣቸው ሞከረች፤ አልተቆነጠጡላትም። ጉዞ ተጀመረ። ልጅቱ ዓይኗን አፍጥጣ ወደ ፊት ተመለከተች። እስከዚያች ቀን ድረስ ዛፉም ቤቱም ሰውም ከእሷ ሲሸሽ ነበር የምታየው፤ አሁን ሁሉም ወደ እሷ ይመጣ ነበር። እናቷ ፈራች መሰላት። ልጅቱ ግን አልፈራችም፤ ትመረምር ነበር። ምርመራዋንም ፈጽማ ከዙፋኗ ላይ አዋጅ ነገረች፦

«አባዬ፣ ከኋላህ ፀጉር የለህም።»

እመቤቲቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባ ጠፍር እጁን ወደ ማጅራቱ ላከ፤ መሪውን በሁለት እጅህ ያዝ ተባለ፣ ያዘም። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ የሠርግ ልብሱ ከጠበበው ጊዜ ጀምሮ ነው ተባለ። ፀጉር አስተካካዩም ይህን ሁሉ ዓመት ከኋላ ቆሞ ሲያስተካክለው አይቶ ዝም ማለቱን አባ ጠፍር በዚያች ሰዓት ተረዳ።

በደረሱም ጊዜ እናቱ ከበራቸው ላይ ነበሩ። ማሰሪያው እስኪፈታ አልታገሡም፤ በመኪናዋ በር ራሳቸውን አስገብተው፣ የልጅቱን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ግንባሯን አዩ፣ አፍንጫዋን አዩ፣ ያኔ ያልነበረውን ጥርሷን አዩ። ልጅቱም አየቻቸው። ማንም አልቸኮለም። አባ ጠፍር በሌላው በር ጎንበስ ብሎ መቆለፊያውን ሲፈታ፣ አሮጊቷ ከልጅቱ ራስ በላይ ተመለከቱ፤ እጃቸውንም ዘርግተው የልጃቸውን ማጅራት ዳበሱ፦

«ይሄ የአባትህ ነው» አሉ።

ዓይናቸው ገና እንደሚያይ በዚህ ታወቀ። ደስታም ሆነ።

እንግዲህ አባ ጠፍር የተባለው ይህ ነው፤ የሸራ አለቃ፣ የመንጠቆ ወዳጅ፣ ሪባን ብሎ በናቀው ቀበቶ ድል ያደረገ፣ በገዛ ገመዱ ታስሮ በማርሹ ላይ የተሻገረ፣ ከፊት የማይበገር፣ ከኋላ ፀጉር የለሽ፣ ቁም ሣጥንን ከፍራሽ የለየ፣ መንበረ ልጁን ያጸና፣ ለእናቱ ሳይጨልምባቸው የደረሰ። የሚያስረው ጭነት እስከ ዛሬ ድረስ ይተነፍሳል። ልጁን ሊያስር በተነሣ ጊዜ ግን አውራ ጣቱን አስቀድሞ ኪሱ ውስጥ ይከታል።