በመስተዋት የጨመረ ውሃ

ታላላቅ ግኝቶች የሚገኙት በጥናትና በምርምር ነው የሚሉ ሰዎች አቶ አስናቀውን አያውቋቸውም። አቶ አስናቀው ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ፣ ስሟን ብንጠራ በምትቀየመን ከተማ የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዘመኑ የግምገማና የሥራ ሂደት ለውጥ ዘመን ነው። የከተማዋ የውሃ ሞተር ባረጀ ጉልበቱ ሲነሳ ሲወድቅ ይውላል፣ ቧንቧው ይደርቃል፤ ስብሰባው ግን ተቋርጦ አያውቅም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለሌላው ተረት ነው፤ እዚያ ከተማ የሩብ ዓመት ሪፖርት ነበር።

በዚያ ሰሞን ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር መጣ። የተጫነበት ሊኑክስ የሚባለው ክፍት ምንጭ ሲስተም ነው፤ ክፍያ አይጠየቅበትም፣ የቻለ ሁሉ ከፍቶ ያሻሽለዋል። ሲበራ ግን ስክሪኑ ነገሩን ሁሉ አዙሮ ቁጭ አለ። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነ፤ ፊደሉም መስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ፊደል ዞረ።

«ጋሽ አስናቀው፣ ሲስተሙና የስክሪኑ ካርድ አልተግባቡም» አለች የኮምፒውተር ሠራተኛዋ ኑርጃን። «በመሃላቸው ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ደሴ ያለው ያጎቴ ልጅ በፍላሽ ይልክልናል፤ አብሽሩ።»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ግራፉን አሳዪኝ።»

ግራፉ ለሕዝቡ የደረሰውን ውሃ የሚያሳይ ነው። ወረቀት ላይ ከመስከረም ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ ግን ሽቅብ ይወጣል። አቶ አስናቀው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። ያው ይወጣል። ልባቸውም አብሮ ወጣ።

«ስሚ ኑርጃን፣ ሐሙስ የዞኑ ኮሚቴ ይመጣል። አዲስ የውሃ ሞተር ወይ ለኛ ወይ ለከላላ ከተማ ይሰጣሉ፤ ለሞዴል ጽሕፈት ቤትም ዋንጫ አለ። ላለው ይጨመርለታል እንጂ ለደካማ ማን ይሰጣል? ድራይቨሩ ይቆይ።»

«ኧረ በአላህ ጋሽ አስናቀው! ጽሑፉ እኮ ከቀኝ ወደ ግራ ሆኗል።»

«አባትሽ ቁርአን ሲያቀሩ ከቀኝ ወደ ግራ አይደል የሚያነቡት? ማን ከሰሳቸው? ብዝኃነትን ያካተተ አሠራር ነው በያቸው።»

ኑርጃን እናቷን አሰበች። እቴቴ ኡምኩልሱም በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ጀሪካን አዝለው ከምንጭ ይመላለሳሉ፤ ተስፋቸው ያ ሞተር ነው። ቢሆንም አለቃ አለቃ ነውና ስክሪኑን እንደዞረ ተወችው።

ሐሙስ ኮሚቴው መጣ። አቶ አስናቀው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የውሃ አቅርቦቱ ባለድርሻ አካላትን ባሳተፈ መልኩ ሽቅብ በመገስገስ ላይ እንደሚገኝ አበሰሩ። ሰብሳቢው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ይኼ ጽሑፍ...»

«የክፍት ምንጭ አጻጻፍ ነው።»

«አዎ፣ አውቀዋለሁ» አሉ ሰብሳቢው፤ አይተውት አያውቁም። ሰብሳቢው ካወቁት በኋላ አላውቀውም የሚል አባል አልተገኘም።

ምሳ ሲደርስ ለእጅ መታጠቢያ ከጎረቤት በጀሪካን ውሃ ተለምኖ መጣ። እንግዶቹ ግራፉን ስላዩ ቧንቧው የት ነው ብለው አልጠየቁም። ታጥበው፣ በልተው፣ ውሳኔያቸውን አሰሙ።

«ይህ ጽሕፈት ቤት በራሱ አቅም ሽቅብ ወጥቷል። ስለዚህ ሞተሩን ለተቸገረችው ለከላላ ሰጥተን፣ ለእናንተ ዋንጫውን እንሸልማለን።»

ቀድመው ያጨበጨቡት አቶ አስናቀው ናቸው። የተባለው የገባቸው አጨብጭበው ሲጨርሱ ነው።

ሳይሰነብት አሮጌው ሞተር ጨርሶ ዝም አለ። ከተማው በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ምንጭ ወረደ። የአቶ አስናቀውም ቤት ከሰው ቤት አይለይምና፣ አንድ ጠዋት ኃላፊው በሱፍ ልብሳቸው ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ሲደርሱ ሰልፉ አቀበቱን ይዞ ነበር። መጨረሻ ላይ ቆሙ። ከፊታቸው እቴቴ ኡምኩልሱም ናቸው።

«እቴቴ፣ ስብሰባ አለብኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወደ ፊት ቢያሳልፉኝ?»

እቴቴ ኡምኩልሱም ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

«ምን አስቸኮለዎት ልጄ? ሰልፉን በዚያ በኮምፒውተርዎ ይዩታ፤ መጀመሪያ የቆሙት እርስዎ ነዎት።»